ሞተሩን የገዛ እጅ ሞተሩን ይፍታ

«ሞተር የሜካኒክ ነው፤ ባለቤት እጁን አያስገባም።» ወረታ ላይ ከመናኸሪያው እስከ ሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ድረስ ይህን አባባል የማይቀበል ባለመኪና ማግኘት ይከብዳል። አባት ለልጁ፣ ባለንብረት ለሾፌሩ፣ ሾፌር ለረዳቱ ይነግረዋል። ጥንቃቄ ስለሚመስል የሚሞግተው የለም። እኔ እሞግተዋለሁ። አባባሉ ሞተርን ከጉዳት አላዳነም፤ ለጉዳት አሳልፎ ሰጥቶታል። ክርክሬ በአየር ላይ እንዳይቀር አንዲት ዕቃ መርጫለሁ፦ በሞተሩ ፊት፣ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የምትሽከረከረውን ፑሊ። እሷን ፈትቶ መግጠም አስተዋይ የሆነ ባለመኪና ሁሉ በግቢው ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው። ሊያከናውነውም ይገባል።

ብዙ ሰው ፑሊን ቺንጋ የምታዞር ተራ ብረት አድርጎ ያያታል። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፣ ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 100 ጊዜ በፒስተኖች ኃይል ይመታል። እያንዳንዱ ምት ዘንጉን በጥቂቱ ይጠመዝዘዋል፤ ዘንጉም መልሶ ይፍታታል። ይህ መጠማዘዝና መፍታታት ሃይ ባይ ካጣ ጠንካራውን ብረት እስከ መስበር ይደርሳል። ከመቶ ዓመት በፊት፣ የመኪና ሞተር ገና ልጅ ሳለ፣ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ለክራንክሻፍት ማርገቢያ ያበጀው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ ያለችው ፑሊ የዚያ ሐሳብ ወራሽ ናት። ዘንጉን የሚይዝ መሐል አላት፤ ቺንጋውን የሚሸከም የውጭ ቀለበት አላት፤ በሁለቱ መካከል ስስ ጎማ ተጣብቆ ይገኛል። የዘንጉን መንቀጥቀጥ የሚውጠው ይህ ጎማ ነው።

ጎማ ያረጃል። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ከፊተኛው ኦይል ሲል የሚያንጠባጥብ ዘይት ያላሽቀዋል። ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ጭቃው ይጨመራል። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ፣ ሜዳው ውሃ ሲለብስ፣ ጥቁሩ አፈር ከመኪናው ጎማ እየተረጨ ታች ያለችው ፑሊ ላይ ይለጠፋል። በበጋ አቧራውና የሩዙ ገለባ ብናኝ ይተካዋል። ጎማው ሲላቀቅ የውጭው ቀለበት ከመሐሉ ተለይቶ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ቺንጋው ይጮኻል፤ ዲናሞው ባትሪውን በወጉ አይሞላም፤ የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነም ሞተሩ ይግላል። ሾፌሩ ቺንጋ ያጠብቃል፣ ቺንጋ ይለውጣል፣ ሳሙና የሚቀባም አለ። ጩኸቱ ግን ይመለሳል፤ በሽታው ቺንጋው ላይ አልነበረምና።

ይህን በሽታ ለመለየት ጋራዥ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በፑሊዋ ፊት ላይ ከመሐሉ እስከ ውጭው ቀለበት ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም ማስመር ይበቃል። መኪናው ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ መስመሩ ተቆርጦ ግማሹ ወደ ጎን ከሄደ ጎማው ለቋል ማለት ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ከቺንጋው ራቅ ብሎ ማየትም ይረዳል፤ ደህና ፑሊ ሳትወላገድ ትዞራለች። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚያደርገው ምርመራ ነው። ባለመኪናው ይህን ሳያውቅ የሚኖረው አእምሮው ስለማይችለው አይደለም፤ «አትንካ» ተብሎ ስላደገ ነው።

አሁን ያልተነካችው ፑሊ ጋራዥ ስትደርስ የሚገጥማትን እንይ። መሣሪያው የተሟላ፣ ሥራውን የሚያከብር ሜካኒክ እጅ ከገባች እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀድማት መዶሻ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ፑሊ በስካርፔሎና በመዶሻ ስትፈነቀል ቆሜ አይቻለሁ። ባለመኪናው አጠገቤ ነበር። ከቀለበቱ ጠርዝ ብረት ሲሸረፍ እያየ ዝም አለ፤ ትክክሉን ከስሕተቱ የሚለይበት እውቀት አልነበረውምና ምን ብሎ ይናገር? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። ሞተር ላይ መዶሻ በድፍረት የሚነሣው ባለቤቱ ምንም እንደማያውቅ ሲታመን ነው። «እጅህን አታስገባ» የሚለው ምክርና መዶሻው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የመዶሻው ጉዳት ፑሊዋ ላይ አያበቃም። ምቱ በዘንጉ ውስጥ አልፎ ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙትን ስስ ብሮንዚኖች ያገኛል። ጠርዟ የተጣመመ ፑሊ አዲስ ቺንጋ እየበላች ትኖራለች። በዘመናዊ ሞተሮች ከአጠገቧ ያለው የክራንክሻፍት ሴንሰር ከተመታ መኪናው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ሲገጠም የሚሠራው ስሕተት ነው። ቡሎኑ በልኩ ሳይጠብቅ ከቀረ ፑሊዋ ዘንጉ ላይ በጥቂቱ መወዛወዝ ትጀምራለች። ከዘንጉ ጋር የምታስተሳስራት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትላላለች፣ ትቆረጣለች፤ ሽብልቋ የተቀመጠችበት ቦይም ይሰፋል። ያ ቦይ የተቆረጠው ክራንክሻፍቱ ላይ ነው። በአንድ ቡሎን መላላት ምክንያት ሞተሩ እስከ ታች ይፈታል፤ ክራንክሻፍትም ይገዛል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው ያጠበቀው ሰው አይደለም። ባለቤቱ ነው። ዕዳው የእሱ ከሆነ እውቀቱም የእሱ መሆን አለበት።

«አደገኛ ነው» የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት አለው፤ እኔም አላቃልለውም። ነገር ግን አደጋዎቹ ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ የታወቀ አደጋ ደግሞ መከላከያ አለው። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሰው ይገድላል። ስለዚህ መኪናው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ያርፋል፣ መሬት የነኩት ጎማዎች በድንጋይ ይደገፋሉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል። የፎገራ አፈር ሲርስ ክሪክ ይውጣል፤ ስለዚህ ሥራው ሲሚንቶ በፈሰሰበት ቦታ ይሠራል፣ ካልተገኘም ዝናብ አልፎ መሬቱ እስኪደርቅ ይቆያል። ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይዞር የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከእነዚህ መካከል፣ ከማቆሚያው በቀር፣ ከትዕግሥት ሌላ የሚጠይቅ አንድም የለም።

ሥራው ራሱም ምስጢር የለበትም። ሞተራቸው አግድም በተቀመጠባቸው እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ የፊት ጎማ ይወልቃል፣ ከፓራፋንጎው ሥር ያለው የፕላስቲክ መከለያ ይነሣል፣ ፑሊዋ ፊት ለፊት ትታያለች። ቺንጋው ላልቶ ይወጣል። ከዚያ መሐሏ ላይ ያለው ቡሎን ይመጣል፤ በጣም የጠበቀ ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ መጥፎ ብልሃት ሁሉ የሚጠራውም እዚህ ነው። መፍቻውን መሬት ወይም ሻንሲ ላይ አስደግፎ ሞተሪኖ መምታት እንደ ጥበብ ይነገራል። መፍቻው ከተስፈነጠረ ራዲያተርም እጅም ይሰብራል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ በሚዞሩ አንዳንድ የቆዩ የሆንዳ ሞተሮች ላይማ ቡሎኑን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስ ውስጥ ካቻቢቴ ሰክቶ ሞተሩን ማቆምም ጥርሱን ይሰብራል።

ትክክለኛው መንገድ ፑሊዋን ራሷን መያዝ ነው። ብዙ ፑሊዎች ፊታቸው ላይ የቡሎን ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ብየዳ ቤት ሄዶ ጠንካራ ጠፍጣፋ ብረት በእነዚያ ቀዳዳዎች ልክ ማስበሳት ነው፤ መያዣው ተሠራ። ብረቱ በሁለት ቡሎን ፑሊዋ ላይ ይታሰራል፣ ጫፉ በማይንቀሳቀስ ነገር ይደገፋል። ልኩ በትክክል የገጠመ ሶኬት መፍቻ ላይ ረጅም ቱቦ ተጨምሮ ቀስ ተብሎ ሲጫን ቡሎኑ ይለቃል። ፑሊዋ በእጅ አልወጣም ካለች በእነዚያው ቀዳዳዎች ፑለር ይታሰራል፤ ፑለሩ መሐሉን እየሳበ ያወጣታል። የውጭውን ቀለበት በጥፍር የሚይዝ ፑለር ግን ስሱን ጎማ ይቀደዋል፤ ጎማ ያላት ፑሊ ላይ መታሰር የለበትም።

ፑሊዋ ስትወጣ ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተሩን ሁኔታ በገዛ ዓይኑ ያያል። ጎማው ተሰንጥቋል ወይ? ኦይል ሲሉ ያፈስሳል ወይ? ሽብልቋ ደህና ናት ወይ? ቦዩ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው ወይ? ኦይል ሲሉ ካፈሰሰ አሁኑኑ ይለወጣል፤ አለዚያ አዲሷም ፑሊ በዘይት ትላሽቃለች። መግጠሙም መዶሻ አይፈልግም። ዘንጉ ይጠረጋል፣ የኦይል ሲሉ ከንፈር ስስ ዘይት ይቀባል፣ ቦዩ ከሽብልቋ ጋር ይገጠማል፣ ፑሊዋ በእጅ ትገፋለች፤ የቀረውን ቡሎኑ ይስባታል። መጨረሻ ላይ ቶርክ ሬንች ልኩን ይናገራል። ልኩ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ በአንዳንድ ቪትዞች ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር ለምሳሌ 128 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። 1 ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 13 ኪሎ ማንጠልጠል እንደ ማለት ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል ሁሉ ይህን ቁጥር ያስብ፤ እጅ ኪሎ አይመዝንም።

ሁለተኛው ክርክር «ሙያን ለባለሙያ» የሚል ነው። ቃሉ ያማረ ነው፤ ከኋላው የተደበቀው ግን ሁልጊዜ ለሙያ ያለ አክብሮት አይደለም። ብረት የነካ፣ ዘይት የቀባው እጅ ክብር ይቀንሳል የሚል የቆየ ንቀት አለበት። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ ያገለለ፣ ማረሻውን ግን ከእሱ ሲቀበል የኖረ ማኅበረሰብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ይህ ንቀት አገር እንደሚጎዳ ስላዩ ነው። ከእሳቸው በፊት አጼ ቴዎድሮስ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገሩን ልጆች አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። የዚህ ምድር ሰው ከብረት ጋር የመሥራት ታሪክ አለው። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ መንካትን ከውርደት የሚለይ ልቡና ነው።

የሜዳው ገበሬ ደግሞ ማስረጃውን በየቀኑ ይሰጠናል። ሩዝ ለፎገራ እንግዳ ሰብል ነበር። በ1970ዎቹ ሲገባ የሚያውቀው አልነበረም፤ ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቀመጠው እዚሁ ወረታ ነው። እንግዳውን ሰብል የለመደ ገበሬ ሞተርንም ለምዷል፤ በበጋ ከርብና ከጉማራ ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ፣ ፓምፑ ሲያስቸግረው ሜካኒክ እስኪመጣ ቡቃያው አይጠብቀውምና ማሳው ዳር ዘርግቶ ይፈታዋል። ሻማውን ያጸዳል፣ ካርቡሬተሩን ያጥባል፣ መልሶ ይገጥማል። ይህ ሰው «ሞተር የሜካኒክ ነው» ብሎ ቢቀመጥ ሽንኩርቱ ይደርቅ ነበር። ገበሬው በማሳው ያረጋገጠውን የከተማው ባለመኪና በግቢው የማይደግምበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ክርክር ልብ ይነካል፦ «የሜካኒኩን እንጀራ አትንኩበት።» ጥሩ ሜካኒክ ግን አዋቂ ደንበኛን አይፈራም። አዋቂ ደንበኛ የመዶሻን ሥራ ከፑለር ሥራ ይለያል፤ ለጥሩው ሥራ ጥሩ ዋጋ ይከፍላል። የማያውቅ ደንበኛ ግን ሁለቱን እኩል ስለሚያይ በርካሹ ላይ ይሰለፋል፤ ፑለርና ቶርክ ሬንች ገዝቶ የተቀመጠውን ባለሙያ የሚጎዳው ይህ ነው። ባለቤቶች ባወቁ ቁጥር ሙያው ከመዶሻ ይጸዳል። ሜካኒኩም ፑሊ ከመፍታት ወደሚልቀው፣ የእሱን ጥልቅ ሙያ በእውነት ወደሚሻው ሥራ ይሸጋገራል።

አራተኛው የመሣሪያ ዋጋ ነው። ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ እቀበላለሁ። ግን እኛ ደቦና ወንፈል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ፑሊ በየሳምንቱ አይፈታም፤ አንድ ፑለር፣ አንድ ቶርክ ሬንች፣ ሁለት ጠንካራ ማቆሚያ ለአንድ ሰፈር ባለመኪናዎች ይበቃል። ለድንኳንና ለወንበር በእድር የምናዋጣ ሰዎች፣ የኑሯችን መተዳደሪያ ለሆነው ሞተር ለማዋጣት ምን ያግደናል?

ጊዜውም ለክርክሬ ይመሰክራል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አሻቀበ። በእጃችን ያለው ሞተር በቀላሉ የማይተካ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድን በተደጋጋሚ ዘግቷል። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደር እና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ መንገድ ሲዘጋ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ባሕር ዳር እንኳ ከአገር ውጭ ያለ ያህል ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቀን ታማሚ ማድረስ፣ ምርት ማንሣት፣ ቤተሰብ ማገናኘት ያለበት ሰው «ሜካኒኬ ባሕር ዳር ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው?

ወሰኑንም በግልጽ ላስቀምጥ፤ ወሰን የሌለው ክርክር አይታመንም። የክራንክሻፍቱ ቦይ የተበላ፣ የዘንጉ የቡሎን ጥርስ የረገፈ፣ ወይም ከፑሊዋ ጋር የታይሚንግ ጥርሱ አብሮ እየወጣ ያለ እንደሆነ ባለቤቱ እዚያው ያቁም፤ ያ የሜካኒክ ሥራ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ መቀየርም እንዲሁ፤ አንድ ጥርስ ሲዛነፍ ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው መጀመር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጨርሶ ያልነካ ሰው ወሰኑን ከየት ያየዋል?

ስለዚህ ለባለመኪኖች የምለው ይህ ነው፦ የመኪናችሁን ማኑዋል ፈልጉ፣ የፑሊያችሁን ቡሎን ልክ ጻፉና ኮፈኑ ሥር ለጥፉ፤ ነጩን መስመር ዛሬውኑ አስምሩ። ለሜካኒኮቻችን የምለው፦ ደንበኛችሁን ከበር አታስወጡት፤ አጠገባችሁ አቁሙትና የምትሠሩትን አስረዱት። ለከተማችን የሙያ ማሠልጠኛዎች የምለው፦ በቅዳሜ ከሰዓት ለባለመኪኖችና ለባለፓምፖች በራችሁን ክፈቱ፤ ይህ ትምህርት ሕንፃ አይጠይቅም፣ አንድ አሮጌ ሞተርና አንድ ቶርክ ሬንች ይበቃዋል። ለወላጆች የምለው፦ ልጃችሁ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ መፍቻ ስታነሣ እጇን አትምቱ፤ መኪናው በማቆሚያው ላይ በደንብ ማረፉን ብቻ አረጋግጡ። መክፈል ያለበት ባለቤት ማወቅም አለበት፤ የሚያውቅ ባለቤት ባለበት ግቢ ሞተር ላይ መዶሻ አይነሣም።